ባለቤት ያጡት የፒያሳ ንግድ ቤቶች

ስለ ፒያሳ ሲወራ ወሬው ሁሉ ቶሎ ወደ ኤክስካቫተር ይሄዳል። አይፈረድም። በ2016 የካቲትና መጋቢት ላይ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ የተባሉት የፒያሳ ሰፈሮች ዓይናችን እያየ ሜዳ ሆኑ። ሰው ተወልዶ ያደገበት ግቢ በአንድ ቀን ሲፈርስ ማየት ያንገበግባል። ደጋፊውም ተቃዋሚውም እስካሁን የሚከራከረው ስለዚያ ሰሞን ነው።

እኔ ግን ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሃምሳ ዓመታት ልጽፍ ነው። የፒያሳ አሮጌ የንግድ ቤቶች ማሽን ሲደርስባቸው ብዙዎቹ ቀድሞውኑ እያለቁ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል። ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል። የፎቁ በረንዳ በሞራሌ ተደግፎ ቆሟል። «ይሄ ደግሞ ምኑ ቅርስ ነው?» ለሚል ሰው መልስ መስጠት ያስቸግር ነበር። ታዲያ እዚህ ደረጃ እንዴት ደረሱ? ዛሬም የቆሙትስ ወዴት እየሄዱ ነው? ይሄን ሳናውቅ የቀሩትን ማትረፍ አንችልም። ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ቤቶቹ ከየት እንደመጡ እንይ።

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ገበያዋ አራዳ፣ የዛሬው ፒያሳ፣ ሆነ፤ አሁን የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ዙሪያ። የከተማዋ ብቻ አልነበረም፣ የአገር ገበያ ነበር። እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ ቡናው፣ አሞሌው፣ አቡጀዲው ሁሉ እዚያ ይራገፋል። ነጋድራሱ ቀረጡን እዚያ ይሰበስባል። ምኒልክ በ1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ንግዱንም የውጭ ጉዳዩንም የያዙት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። ገበያ የሚያስተዳድር ሰው በቀጥታ ሚኒስትር ሆነ ማለት ነው። መንግሥቱ አራዳን ምን ያህል እንደሚፈልገው ከዚህ ይታያል።

ገበያው የውጭ ነጋዴ ሳበ። ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ የመኖች፣ ፈረንሳዮች መጡ። ከሕንዶቹ ትልቁ የመሐመድ ዓሊ ኩባንያ ነበር። መጀመሪያ ሐረር ላይ ከፈተ፤ ኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ከዘመኑ ታላላቅ አስመጪዎች አንዱ ሆነ። አራዳ ላይ ያቆመው ንግድ ቤት በስሙ ሲጠራ ኖሯል። አርመኖቹ በወርቅና በብር ሥራ፣ በስፌትና በቆዳ ይታወቁ ነበር። ግንበኞችም ነበሩባቸው። ሰዉ «ሙሴ ሚናስ» የሚላቸው አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን በአዲስ አበባ ብዙ ቤቶችን ሠርተዋል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ሥራ ጀመረ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ያሠሩትም በእነዚያው ዓመታት ነው።

ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ለግንበኛው ይሄ ትልቅ ለውጥ ነበር። ቆርቆሮ፣ መስታወት፣ ሚስማርና ማጠፊያ ከጅቡቲ በግመልና በበቅሎ ሲመጣ ውድ ነበር። በባቡር ሲመጣ ግን ለመካከለኛ ነጋዴም ደረሰ። ሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ። የአራዳ ንግድ ቤት መልክ የያዘው ያኔ ነው።

መልኩን ለማያውቅ ልግለጸው። ምድር ቤቱ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው፤ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ፣ ላዩ የተለሰነው በኖራ። ፊት ለፊቱ በትልልቅ የእንጨት መዝጊያዎች ይከፈታል፤ ጠዋት መዝጊያዎቹ ወደ ግራና ቀኝ ሲታጠፉ ሱቁ በሙሉ ወደ መንገዱ ይወጣል። ፎቁ ቀለል ያለ ነው፤ እንጨትና ጭቃ። ነጋዴው እላይ ይኖራል፣ እታች ይሸጣል። ከፎቁ ፊት ለፊት የእንጨት በረንዳ አለ፤ ደገፋው በሕንዶች አሠራር ተፈልፍሎ የተዋበ። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው በጣም ይወጣል።

ይሄ ሁሉ ለውበት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ክረምት ላይ የሚወርደውን ዝናብ እናውቀዋለን። ጭቃ ያያያዘው ግንብ ውኃ ከነካው አለቀለት። ስለዚህ ረጅሙ ጠርዝና በረንዳው የግንቡ ጃንጥላ ናቸው። እግረ መንገዱን ገዢውም ከዝናብና ከፀሐይ ተከልሎ ዕቃ ያያል። ግንበኞቹ አካባቢውን አውቀው የሠሩት ቤት ነው። ከሕንድ፣ ከአርመንና ከአገሬው እጅ ተዋህዶ የወጣ፣ ሌላ ከተማ ሄደን እንደዚህ ሆኖ የማናገኘው ቤት። ምኑ ነው ቅርስ ለሚለው መልሴ ይሄ ነው።

ከዚያ የመከራው ዓመታት መጡ። በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ፣ ከሚያዝያ 24 እስከ ጣሊያን እስከገባበት ሚያዝያ 27 ድረስ አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ከሁሉ የተጎዳው የአራዳ ሱቅ ነበር። ጣሊያን ገብቶ ደግሞ ከተማውን በዘር ከፈለው። ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ወሰደው፤ የአገሬው ሰው እዚያ ይገበያይ ተባለ። አራዳ ፒያሳ ተባለና ለአውሮፓውያን ተተወ። የመሐመድ ዓሊ ኩባንያ በ1929 ከአገር ተባረረ።

ከነፃነት በኋላ የጅምላ ንግዱ ወደ አራዳ አልተመለሰም፤ መርካቶ ቀረ። ፒያሳ ግን አልሞተም፤ ሌላ ሥራ ያዘ። ወርቅ ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ኬክ ቤት፣ ሲኒማ፣ ሙዚቃ ቤት። በ1940ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው ቶሞካ እስከዛሬ ቡናውን ይቆላል። በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትርም እዚሁ አካባቢ ነው። ሰው አዲስ ጫማ ሲገዛ፣ ቀለበት ሲያሠራ፣ ፍቅረኛውን ሲቀጥር ፒያሳ ነው። አሮጌዎቹ ንግድ ቤቶች እነዚህን ሁሉ ሥራዎች ተሸከሙ። እዚያ ድረስ ቤቶቹ ባለቤት ነበራቸው፤ ቆርቆሮ ሲበሳ የሚያስቀይር፣ ቀለም ሲለቅ የሚያስቀባ፣ ኪራዩም የሚበቃው ሰው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አዋጁ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ እፎይታ ነበር። ኪራይ ቀነሰ። አከራይ እንደፈለገ ተከራይን ማባረሩ ቀረ። መሀል ከተማ ላይ ደሃውና ሀብታሙ ጎን ለጎን የኖሩት በዚህ የተነሳ ነው። ይሄን የሚክድ የፒያሳን ታሪክ አያውቅም። አዋጁ በሰው ላይ ያመጣውን ጥቅም እየተቀበልኩ፣ በቤቱ ላይ ያመጣውን ጉዳት እናገራለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ትርፍ ቤት ተብሎ ከተወረሰው ውስጥ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ሄደ። ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች፣ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ለምንለው ማለት ነው። ከዚያ ኪራዩ ባለበት ቆመ። ዓመት አለፈ፣ አሥር ዓመት አለፈ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ የብር ዋጋ ወረደ። ብዙ የቀበሌ ቤት ግን ኪራዩ ያው ነበር። አንድ የፒያሳ ሱቅ በወር የሚከፍለው የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ የማይሞላበት ጊዜ መጣ።

በዚያ ገንዘብ ቀበሌ ቤት ሊጠግን አይችልም። አልጠገነምም። ባለቤቱ በወረቀት ቀበሌ ነበር፤ ቀበሌ ግን ገንዘቡም፣ ባለሙያውም፣ ግዴታው የእኔ ነው የሚል ሰውም አልነበረውም።

ተከራዩስ? ተከራዩ ቢጠግን ቤቱ የእሱ አይሆንም። ያወጣውን ወጪ ከኪራይ ላይ የሚቀንስለት የለም። ነገ ቢነሳ ለሕንፃው ካሳ አያገኝም፤ ሕንፃው የመንግሥት ነዋ። ስለዚህ ብሩን ዕቃው ላይ ያውላል። ይሄ ስስት አይደለም፤ ማንም ልብ ያለው ነጋዴ የሚያደርገው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኪራዩ ርካሽ፣ ቦታው ወርቅ ስለሆነ በመሀል ያለው ልዩነት የሌላ ሰው ኪስ ገባ። ተከራይ አከራይ በዛ። ቁልፍ በብዙ ገንዘብ ተሸጠ። በወረቀት ላይ ያለው ተከራይ ሌላ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ነጋዴ ሌላ። እውነተኛውን የገበያ ኪራይ የሚከፍለው ነጋዴ ቤቱ ላይ ምንም መብት የለውም። ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ሱቁን በዓመት አንዴም ላያየው ይችላል። ማለትም ቤቱ ገንዘብ አላጣም። ገንዘቡ ወደ ጣሪያው ነው መመለስ ያልቻለው።

አንዱ ሱቅ ለሦስት ተከፈለ። መከፋፈያው ኮምፔንሳቶ ወይም ችፑድ ነው። ከላይ ቆጥ ተሠራ፤ ቆጡ ላይ ዕቃ ተጫነ። ጭነቱ መቶ ዓመት የሆነው ወራጅ ላይ አረፈ። ለእያንዳንዱ ክፍል መብራት ተጠልፎ ገባ፤ ሽቦው በደረቀ እንጨት ላይ ተጋደመ። የዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ እሳት ቢነሳ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

አሁን ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። አሸንዳ።

አሸንዳው ማዕዘኑ ላይ፣ መጋጠሚያው ጋ ዝጎ ተበሳ እንበል። ሐምሌ ገባ። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ መሬት ከመድረሱ በፊት ግድግዳው ላይ ይፈሳል። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ልስኑ ይጠቁራል፤ ከዚያ አረንጓዴ ይሆናል። ማንም አያስተውለውም። ሁለተኛው ክረምት ላይ ልስኑ በቁራጭ በቁራጭ ይወድቃል። የሚቀጥለው ክረምት ድንጋዮቹን የያዘውን ጭቃ ያጥባል። ጭቃው ሲሄድ ድንጋዩ ቦታውን ይለቃል፤ ግድግዳው ወደ ውጭ ይነፋል። በዚያው ጊዜ የፎቁን ወለል የተሸከመው እንጨት ጫፉ ግንቡ ውስጥ ስለተቀበረ ከዚያ በኩል ይበሰብሳል። ወለሉ ያዘነብላል። በረንዳው ይከተላል። ያኔ ሞራሌ ይመጣል፤ ሞራሌ ከመጣ በኋላ «አደገኛ ነው፣ ይፍረስ» የሚለው ሰው ትክክል ሆኖ ይገኛል። መነሻው አንድ የቆርቆሮ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ገብቶ የሚጨርሰው ሥራ ነበር።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በቅን ልቦና የሚደረገው ጥገና ነው። ነጋዴው ሱቁ ፊት ሲያስጠላው ሲሚንቶ አምጥቶ ያስለስናል። ለጊዜው ያምራል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራ ነው፤ እርጥበት አያሳልፍም። ከመሬት የሚወጣውና ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ ግንቡ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ጭቃው ከውስጥ ይላሽቃል። አንድ ቀን ሲሚንቶው ሲገነጠል የግንቡን ፊት ይዞ ይወርዳል። የድሮዎቹ ሰዎች ኖራ የተጠቀሙት ሲሚንቶ ስለቸገራቸው ብቻ አልነበረም። ኖራ ግንቡን ያስተነፍሰዋል፤ እርጥበቱ በፀሐይ ይወጣል። ዛሬ በኖራ መለሰን የሚችል ግንበኛ ከከተማው ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ሙያው ከቤቶቹ ጋር አብሮ እየጠፋ ነው፤ ይሄ ከሕንፃው ባልተናነሰ ያሳስበኛል።

ሕግ የለም ወይ ለሚል፣ አለ። የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 209 ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በቂ ነገር ይዟል። የቅርስ ባለይዞታ ቅርሱን መንከባከብ አለበት። ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወጪው ከባለይዞታው አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊደግፍ እንደሚችልም ይላል። በ2006 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ የሚመድብ አዋጅ ቁጥር 839 ወጣ። በወረቀት የጎደለ ብዙ ነገር የለም።

ችግሩ ሕጉ «ባለይዞታ» ሲል እንደ ፒያሳ ሱቅ ያለ ቤት አእምሮው ውስጥ አለመኖሩ ነው። ባለይዞታው መንግሥት ነው። ቤቱን የሚጠቀመው ተከራይ ነው። ከዚያ በታች ሌላ ተከራይ አለ። የቅርስ ፈቃድ የሚሰጠው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ፣ ኪራዩን የሚሰበስበው ሌላ። አሸንዳ ለመቀየር የፈለገ ነጋዴ ሦስት ቢሮ መዞር አለበት። አንዱ «መጀመሪያ ከዚያኛው ደብዳቤ አምጣ» ይለዋል። ሰውየው ሱቁን ዘግቶ የሚዞርበት ቀን የለውም። ይተወዋል። የከለከለው ሰው ሳይኖር ጥገናው ቀረ።

ላይ ላዩን የማይታይ ሌላ ገዳይ ደግሞ «ሊፈርስ ነው» የሚለው ወሬ ነው። ፒያሳ ላይ ይሄ ወሬ ለዓመታት ኖሯል። አንዴ በማስተር ፕላን፣ አንዴ በመልሶ ማልማት፣ አንዴ በመንገድ ማስፋት ይመጣል። ሰው ነገ የሚፈርስ ቤት ላይ ዛሬ ቆርቆሮ አይመታም። ቀበሌም «ለምን ብዬ» ይላል። ወሬው እውነት እስኪሆን ድረስ ያለው ጊዜ በሙሉ ቤቱ ሳይነካ የሚያረጅበት ጊዜ ነው። በመጨረሻ ወሬው ራሱን እውነት ያደርጋል።

ለማነጻጸር ጣይቱ ሆቴልን እንውሰድ። ከ110 ዓመት በላይ ሆኖታል። ምግብ መሸጥ ነውር ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን የተከፈተ ነው። መኳንንቱ ለመብላት ሲያፍሩ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በልተው ከፍለዋል እየተባለ ይተረካል። ያ ቤት ከእንጨት ደረጃውና ከሰፊ በረንዳው ጋር እስከ ዘመናችን የደረሰው በተአምር አይደለም። አንድ ሥራ ነበረው፤ ሆቴልነት። አንድ አካል ይዞታል። እንግዳ ስለሚያድርበት ጣሪያው ሊያፈስ አይችልም፤ ካፈሰሰ በማግሥቱ ገቢው ይቀንሳል። ጥገናውና ገቢው አንድ ኪስ ውስጥ ናቸው።

ጥር 3 ቀን 2007 ግን እሳት ተነሳበት። ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት ወደመ፤ ሆቴሉም ክፉኛ ተጎዳ። በዚያን ዕለት የከተማው ሰው ምን ያህል እንደደነገጠ አስታውሳለሁ። ቤቱ ግን ከዚያ በኋላም ሥራውን ቀጠለ። የሚጠይቅለት፣ የሚያስጠግነውም ነበረው። በዚያው ዕለት ተመሳሳይ እሳት ለአሥር ተከራይ የተከፋፈለ የቀበሌ ሱቅ ቤት ላይ ቢነሳ ኖሮ ቦታው እስከዛሬ በቆርቆሮ ታጥሮ እናገኘው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ የምረዳው አሮጌ ንግድ ቤትን የሚያኖረው ንግዱ ራሱ ነው። ግን ንግዱና ጣሪያው መገናኘት አለባቸው።

ወደ ዛሬ እንምጣ። ከ2016 ወዲህ ፒያሳ ተለውጧል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ተመርቋል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት ገብቷል፣ ማታ ቤተሰብ ወጥቶ ይንሸራሸራል። ጥሩ ነው። ፒያሳ ላይ ሕፃን ይዞ መሄድ ምን ያህል ያስጨንቅ እንደነበር የምናውቅ ሰዎች ይሄን አናቃልልም። የተነሱት ነዋሪዎች ግን ከከተማው ዳር ሄደዋል፤ ከነሱ ጋር የሰፈሩ ደንበኛም ሄዷል። ለትንንሾቹ ሱቆች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጠዋት ስኳርና ሳሙና የሚገዛው ጎረቤት የለም፤ ማታ ለሽርሽር የሚመጣው ሰው ሳሙና አይገዛም።

የቆሙት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ቀለም ተቀብተዋል። ፊታቸው ጸድቷል። ከኋላ በኩል ዞሮ ያየ ሰው ግን ያንኑ አሸንዳ፣ ያንኑ የሚያፈስ ማዕዘን ያገኛል። ቀለሙ ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ ደግሞ ልክ እንደ ሲሚንቶው እርጥበቱን ያፍናል። ፊትን ማሳመር ለመንገዱ ይጠቅማል። ለቤቱ የሚጠቅመው ጣሪያው ነው።

ገንዘቡስ? የመንግሥት የንግድ ቤቶች ኪራይ በቅርብ ዓመታት በብዙ እጥፍ ተሻሽሏል። ብዙ ነጋዴ ጮኸ፤ እኔ ግን በመርህ ደረጃ ኪራዩ መስተካከሉን አልቃወምም። ተከራይ አከራዩ ሲበላው የነበረው ልዩነት ወደ ሕጋዊው ባለቤት መመለሱ ፍትሐዊ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከዚያ ኪራይ ስንቱ ወደ ራሱ ቤት ጣሪያ ይመለሳል? ነጋዴው አሥር እጥፍ እየከፈለ ጣሪያው ከበፊቱ ካልተሻለ፣ ድሮ ለመጠገን አቅም የለኝም ይል የነበረው ባለቤት አሁን ምን ሊል ነው?

የሚሠራ መፍትሔ ከባድ አይመስለኝም። ኪራዩ ላይ የጥገና ውል ይጨመር። ተከራዩ በባለሙያ የተፈቀደ ጥገና ሲያደርግ ደረሰኙን አምጥቶ ከኪራይ ይቀነስለት። በምላሹ ለብዙ ዓመት የማይነቃነቅ ውል ያግኝ። ዛሬ የሚሠራው ሰው በስሙ ይዋዋል፤ ወረቀት ይዞ ሌላ አገር የተቀመጠው አይደለም። ለአሸንዳ፣ ለቆርቆሮና ለመስኮት ዓይነት አነስተኛ ጥገና ሦስት ቢሮ መዞር ይቅርና አንድ ቦታ በአንድ ቀን ይለቅ። ትልቁ ጥገና የቅርስ ባለሙያ ያጽድቀው። የሚያስፈልገው አዲስ አዋጅ ሳይሆን መመሪያ ነው።

ሁለተኛው ሥራ መለካትና መሣል ነው። ቤት ቢቃጠል ወይም ቢወድቅ እንኳ ልኩ ካለ መልሶ ማቆም ይቻላል። ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም በየዓመቱ ተማሪ ያስመርቃል። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የፒያሳ ንግድ ቤት ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ ለክቶ፣ የበረንዳውን ቅርጽ፣ የመዝጊያውን አጣጣፍ፣ የወራጁን አገጣጠም ስሎ ለከተማው ቢያስረክብ ትምህርትም ነው፣ ውለታም ነው። እስካሁን ትኩረት ያገኙት በብዛት የመኳንንትና የአርበኞች መኖሪያዎች ናቸው። ይገባቸዋል። የነጋዴው ቤት ግን ባለታሪክ ስም ስለሌለው ብቻ መዝለል የለብንም። የአዲስ አበባ ሰው አቡጀዲ የገዛው፣ የሠርግ ቀለበቱን ያሠራው፣ የመጀመሪያ ፎቶውን የተነሳው እዚያ ነው።

ሦስተኛው ሙያው ነው። የቀሩ ኖራ ለሳኞችና እንጨት ጠራቢዎች ካሉ በዕድሜ ገፍተዋል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ ግንበኝነት የሚማሩ ወጣቶች ለጥቂት ወራት ከእነሱ ጋር አንድ የፒያሳ ቤት ላይ ቢሠሩ ቤቱም ይተርፋል፣ ሙያውም። ሥራ አጥ ለሆነ ወጣት ደግሞ እንጀራ ነው፤ ጎንደርም ሐረርም ድሬዳዋም ይሄን ሙያ የሚፈልግ ቤት ሞልቷል።

ከሁሉ በፊት ግን የከተማው አስተዳደር አንድ ነገር ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ፒያሳ ላይ ከቆሙት አሮጌ ንግድ ቤቶች ውስጥ የትኞቹ እንደማይፈርሱ በግልጽ ያሳውቅ። በስም፣ በቤት ቁጥር፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ ጭምር። ዝርዝሩ በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። «ሊፈርስ ነው» የሚለው ወሬ ያን ቀን ከእነዚያ ቤቶች ላይ ይነሳል። ነጋዴውም ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ የቆርቆሮ ሠራተኛ ጠርቶ አሸንዳውን ያስጠግናል።